ሰባተኛው ማጉያ

አያ ደረሰን የገደለው የገዛ መስፉ ነው። ስልሳ ዓመት ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥበት የኖረው፣ ጉማጅ ግንድ ላይ የተተከለው ያ ወፍራም ብረት በዚያ ሐሙስ የባለቤቱን ማጅራት ተቀበለ። አርብ ጠዋት ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ ደሙ የመስፉ ጠርዝ ላይ ደርቋል። ወናፉ ተጨማዶ ወድቋል፤ ጉጠቱ ከሬሳው አንድ ክንድ ርቆ ተጋድሟል።

«እሱ» እያልኩ እንደምጽፍ ልብ በሉልኝ። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ቀጥቃጭ ስለሆነ ግን ትልቁም ትንሹም «አንተ» ይለዋል። እኔም አንበሳሜ የተወለድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሰው እንዳለው አልኩት። ዛሬ ላሳምረው ብል ውሸት ይሆናል።

ኢንስፔክተር ማረው እባላለሁ፤ ወረታ ላይ ወንጀል መርማሪ ነኝ። አብሮኝ የነበረው ሳጅን ንብረት ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ከሬሳ ይልቅ ጭቃ የሚያማርረው ሰው። ሐምሌ ላይ የፎገራ ሜዳ ደግሞ ጭቃ ብቻ ነው።

ከመቀጥቀጫው ጎጆ በአንዲት ጠባብ በር ወደ መኖሪያው ይገባል። በርጩማው ላይ አንድ ትሪ አለ። የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ ነው፤ በአንደኛው ወገን ቀይ የክክ ወጥ፣ በሌላው ወገን የክክ አልጫ ፈሶበታል። ሁለቱም ወገን ተበልቷል። አጠገቡ ሁለት የጠላ ጣሳ አለ።

«ሁለት ሰው በልቷል» አለ ንብረት።

«ማን?»

ትከሻውን ሰበቀ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ቁሐር ውስጥ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ እህል የሚቀምስ ሰው የለም። ማረሻውን ደጅ ቆሞ ያቀብላል፤ ደጅ ቆሞ ይቀበላል። ቡዳ ይበላኛል ብሎ የሚያምነውም አይቀምስም፤ የማያምነውም ጎረቤቱን ፈርቶ አይቀምስም።

ግድግዳው ሥር ያለው መደብ በጥላሸት ጠቁሯል። መካከሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ቦታ ቀርቷል። አንድ ዕቃ ለብዙ ዓመት ተቀምጦበት ተነሥቷል ማለት ነው።

«እዚህ ምን ነበር?» አልኳት የሟቹን ልጅ። እታለም ትባላለች፤ አርባ ያለፋት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤቷም ከአባቷ አጥር ቀጥሎ ነው።

«ማጉያው ነዋ፣ ጌታው።»

«የምን ማጉያ?»

«የድምፅ። አባቴ የሠራው። ሰባተኛው።»

አስረዳችን። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት አባቷና ወረታ ውስጥ ራዲዮ ይጠግን የነበረ ጓደኛው ሰባት የድምፅ ማጉያ ሠርተዋል። ጓደኛው አምፖሎቹን ከተሰበሩ ራዲዮኖች እየነቀለ ገጣጠመ። አባቷ ከበርሜል ቆርቆሮ ሣጥኑን ቀጠቀጠ፤ ጥሩምባውን ቀጠቀጠ፤ ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲጠመጥም ዋለ። በመኪና ባትሪ ነበር የሚሠራው። የከብት ክትባት ሲመጣ በዚህ ተጠርቶ የሜዳው ከብት ሁሉ ተሰበሰበ። ስድስቱ ተበትነው ጠፉ፤ ይኸኛው ቀረ።

«ጓደኛው ማነው?»

«ጋሽ ተክለ ማርያም ናቸዋ። ፊት ለፊቱ ላይ ስማቸው ተቀርጿል።»

«የአባትሽስ?»

«የቀጥቃጭ ስም ያለበትን ዕቃ ማን ይገዛል፣ ጌታው?» አለች፤ ቁጣ የለውም አነጋገሯ። «እንግዲህ እሑድ ወረታ ላይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጋሽ ተክለ ማርያምን ሊሸልም ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ማጉያ ሠሪ ተብለው። አባቴ ይኸን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ማጉያውን ፈልጉልኝ። የአባቴ እጅ ያለበት ሌላ ምስክር የለኝም።»

ገዳዩን ሳይሆን ማጉያውን አስቀደመች። ያኔ ገርሞኝ ነበር።

ጠላ ቀድታ አቀረበችልን። «ሥራ ላይ ነን» አልኩ። ንብረት ደግሞ «ጾም ነው» አለ። «አውቃለሁ» አለችና ጣሳዎቹን መልሳ ወሰደች። አፍሬ ነበር፤ ግን አልጠጣሁም።

«ትናንት መቼ አየሽው?»

«ራቱን አሥራ አንድ ተኩል ላይ አስቀምጬለት ሄድሁ። ደኅና ነበር።»

ለስንት ሰው እንዳስቀመጠች አልጠየቅኳትም። ከዚህ በኋላ ያጠፋሁት ሁሉ ከዚህ አንድ ጥያቄ ይጀምራል።

ደጅ ንብረት ቦቲውን ከጭቃ እየነቀለ ይነጫነጫል። «ያ ዕቃ ምን ያህላል አለች?»

«ሙክት ያህላል አለች።»

«ትናንት ዝናቡ ያባራው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሙክት የተሸከመ ሰው እዚህ ጭቃ ላይ እስከ ቅልጥሙ ነበር የሚሰምጠው። ከእኛ በቀር የሰመጠ የለም።»

«አንተ ደግሞ ጭቃ ስታይ» ብዬ አሾፍኩበት።

ሬሳውን ያገኘው ባየህ የሚባል ጎረቤቱ ነው፤ ማረሻ ሊያሾል መጥቶ። አሁንም ማረሻውን ታቅፎ አጥሩ ጋ ቆሟል።

«ገብተህ አየኸው?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ከደጅ ሆኜ ነው ያየሁት።»

«ማን ይመጣል እዚህ ቤት?»

«ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ ተክለ ማርያም የሩዝ ማሳቸውን ሊያዩ ሲመጡ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወጉታል። ደጅ ነው ታዲያ! ጎጆውን ረግጠው አያውቁም። ትናንትም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።»

«ሌላስ?»

«ያ ባለ መኪናው የባሕር ዳር ልጅ። ቀን ገብቶ ሲበላ ነበር። የከተማ ልጅ ምን ያውቃል!»

«ሌላ የሚበላ የለም?»

«ያላየሁትን አየሁ ብል ዓይኔን ግንባር ያርገው። እዚያ ቤት ማን ይበላል? አንቱስ ይበላሉ?»

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ትሪው ላይ ሁለት ሰው በልቷል፤ ከቀጥቃጭ ጋር የሚበላ አንድ እንግዳ ሰው ብቻ አለ፤ ያ ሰው ዕቃውን ይፈልገው ነበር፤ መኪናም አለው።

ብሥራትን ያገኘነው ወንዛዬ ፍል ውኃ ነው፤ ለወገቡ ሊታጠብ ሄዶ። መኪናው ውስጥ የአሮጌ ሸክላ ማጫወቻ፣ የቴፕ ጎማ፣ ሆዳቸው የወጣ ራዲዮኖች ሞልተዋል። ማጉያው ግን የለም። አያ ደረሰ መሞቱን ስነግረው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ።

«ጋሽ ደረሰ? ትናንት እኮ ደኅና ነበሩ!»

አያ ደረሰን አክብሮ «ነበሩ» ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያኔ ግን አላሳፈረኝም፤ የያዝኩትን ካቴና አስገባሁለት።

ጣቢያ አምጥተን ቃሉን ተቀበልነው። ሥራው አሮጌ የድምፅ ዕቃ እየፈለገ የሠሪዎቹን ታሪክ መመዝገብ ነው። አንበሳሜ ገበያ አንዲት ሴት እህል ወደ ጆንያ የምታንቆረቁርበትን ጥሩምባ አይቶ፣ የማን እጅ ነው ብሎ እየጠየቀ ቁሐር ደረሰ።

«ፋብሪካ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ጥሩምባ በመዶሻ ያወጣል ብዬ አላመንኩም ነበር» አለኝ። ታስሮም ዓይኑ ይበራል። «ጋሽ ደረሰ ቆርቆሮውን እያንኳኩ በጆሯቸው ነበር የሚያስተካክሉት። ወፍራም ድምፅ ሲሰጥ ቀጠን ያደርጉታል፣ ሲንሿሿ ይመልሱታል። ትናንት አሳዩኝ።»

«በላህ እዚያ?»

«በላሁ። ስምንት ሰዓት ላይ። እታለም ቀይ ወጥ አቀረበችልን።»

«አልጫውስ?»

«አልጫ አላየሁም። አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ወንዛዬ ነበርኩ፤ መታጠቢያውን የሚጠብቁትን ሰውዬ ጠይቋቸው።»

ጠየቅናቸው፤ እውነት ነው አሉ። እኔ ግን ጉቦ በልተው ይሆናል አልኩ። አንዴ የያዝኩትን መልቀቅ አልወድም።

«ማጉያውን ፎቶ አነሣኸው?»

«ውጭውን አነሣሁ። ክዳኑን ሲከፍቱልኝ ውስጡ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ አየሁ። ሁለት ስም ነው፤ የጋሽ ደረሰና የጋሽ ተክለ ማርያም። ላነሣው ስል እጄን ያዙኝ። ‹ይኸ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራዬን ሳላስፈቅድ አይሆንም› አሉ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ጋሽ ተክለ ማርያም ዘንድ ሄድን። ወረታ ውስጥ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕርቅ ሲኖር መካከል የሚቀመጡ። ግቢያቸው የኮሚቴ ሰው ሞልቶበታል፤ ለነገው በዓል ድንኳን መኪና ላይ ይጫናል። ገና ሲያዩኝ ተነሡ።

«ምስኪን ደረሰ!» አሉ። «እጁ ወርቅ ነበር።»

«ማጉያውን አብራችሁ ነው የሠራችሁት?»

«ቆርቆሮ አስቀጥቅጬዋለሁ። እንደ ማንኛውም ቀጥቃጭ ነዋ።»

«ሐሙስ ራት ሁለት ሰው በልቷል። ማን ይመስልዎታል?»

ሳቁ። «ልጄ፣ እኔን እየጠየቅኸኝ ነው? አምሳ ዓመት ደጁ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን እህሉን ቀምሼ አላውቅም። ቁሐርን ጠይቅ፤ ወረታን ጠይቅ።»

መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አምናቸው ነበር። እንዲህ ያለ አሊባይ፣ እዚያ አልነበረም የሚያሰኝ ማስረጃ፣ በዘመኔ አላጋጠመኝም፤ ምስክሩ የቁሐርና የወረታ ሰው ሁሉ ነው፤ እኔ ራሴ ከምስክሮቹ አንዱ ነኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዓለም ምሳ ሳትበሉ አትወጡም አሉ። ከትልቁ ድስት ለእኛ ቀይ ወጥ አወጡ፤ ለባላቸው ከሌላ ድስት አልጫ ጨለፉ።

«በርበሬ አይነኩም?»

«ጨጓራቸው ነው፣ ልጄ። በርበሬ ከተዉ ይኸው ሰባት ዓመታቸው። እዚህ ቤት ሁለት ድስት ሳልጥድ የዋልሁበት ቀን የለም።»

በላን። አመስግነን ወጣን። የድልድዩ አጠገብ ስንደርስ መኪናውን አቆምኩት።

«ምነው?» አለ ንብረት።

«የአያ ደረሰ ትሪ ላይ ምን ነበር?»

«ቀይ ወጥና አልጫ…» ብሎ ጀመረ ንብረት። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለና አማተበ።

እታለም አፈር ስታቦካ አገኘናት፤ አባቷ በተቀበረ ማግስት። ከሌላው ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ሐሙስ ራት ለስንት ሰው ነው የሠራሽው?»

እጇ አፈሩ ውስጥ ቀረ። «ለሁለት።»

«ለማን?»

«አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ አለብኝ ይለኛል። አስቀምጬ እሄዳለሁ። እንዳልጠይቅ በሚካኤል አስምሎኛል። ሴት ትመስለኝ ነበር። ባሏ የሞተባት የገበሬ ሴት። ብናገር ከአገር ያስወጧታል ብዬ ዝም አልሁ። እንኳን ልትገድለው፣ እሷም የምታለቅስበት አጥታ ይሆናል እያልሁ አዝንላት ነበር።»

«አልጫውስ?»

«ከሰባት ዓመት ወዲህ ነው። እንግዳው በርበሬ አይችልም አለኝ፤ ሠራሁ።»

በጎጆው ጀርባ ወጣሁ። የሩዙ ማሳ ድንበር በሣር የተሸፈነ ነው፤ ጭቃ የለውም፤ እስከ መንገዱ ያደርሳል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በፊት ለፊት የሄደ ሰው ጎረቤቱ ባየህ ሳያየው በዚህ መመለስ ይችላል። አምሳ ዓመት ሲመላለስበት ኖሯል። ግን ሙክት የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ አይደለም፤ ጨጓራውን የሚያመው የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ።

«ንብረት፣ ስለ ጭቃው ያልከው ትክክል ነበር።»

«እሰይ! ጻፍልኝ» አለ።

«ያልወጣ ዕቃ የት ይገኛል?»

ወደ መቀጥቀጫው ተመልሰን ሁለታችንም ጥጉ ላይ የተቆለለውን ከሰል አየን። በአካፋ ሦስቴ እንደዛቅን ብረት ነካን። እታለም በእጇ ጠራርጋ አወጣችው። ፊት ለፊቱ «ተክለ ማርያም» ይላል፤ ያማረ ቅርጽ ነው። ክዳኑን ከፈትኩት። ከውስጥ በምስማር ተጭሯል፦ «ደረሰና ተክለ ማርያም ሠሩት። ፲፱፻፷፬።»

«የአባትሽ እጅ ጽሑፍ ነው?»

«አባቴ ፊደል አያውቅም። መስፉ ላይ ምልክት እንኳ መሣል አይችልም ነበር።»

እሑድ ጠዋት ጋሽ ተክለ ማርያም ለበዓሉ አዲስ ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ሳለ ወሰድናቸው። ኮሚቴው ለምስክርነት የተፈለጉ መስሎት መኪና ሊያቀርብልን ነበር። ጣቢያ ሲገቡ ማጉያው ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ጠበቃቸው። አይተው እጃቸውን ሰደው ጽሑፉን ዳሰሱት።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ማንም አያየውም ብዬ ነው የጻፍሁት። ለእሱ አነበብሁለት። ሕፃን እንደሆነ ነበር የሳቀው።»

«ሐሙስ ምን ሆነ?»

«እንደ ወትሮው በልተን ነበር። ‹ተክሌ፣ እሑድ ስሜን ጥራው› አለኝ። ‹ሽልማቱ ያንተ ይሁን። ደረሰ ባልንጀራዬ ነው፣ አብረን ሠርተናል፣ አብረን በልተናል በል፤ ይኸ ይበቃኛል።› ሌላው ሁሉ ይቅር፣ አብረን በልተናል የምትለውን እንዴት ብዬ ልበል? አልችልም አልሁት። ‹እንግዲያውስ ያ ልጅ ፎቶ ያንሣው፣ እኔም እሑድ ሣጥኑን ከፍቼ ይዤ እመጣለሁ› አለ። ሣጥኑን ያዝሁ። እሱም ያዘ። ሁለት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ስንጓተት ገፋሁት። ወደኋላ ሄደ። መስፉን ረስቼው ነበር። እሱስ እንዴት ረሳው?»

ብዙ አለቀሱ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም። ወደዱት፤ አምሳ ዓመት በጓሮ እየገቡ ወደዱት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል፤ ባይወዱት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቃላቸውን ጽፌ አነበብኩላቸው። እየነቀነቁ አዳመጡ፤ «እንደ ወትሮው በልተን ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይኸን ሰርዘው።»

«ያሉት ነው፣ ጋሽ ተክለ ማርያም።»

«ገደልሁ በል። ሆን ብዬ ገደልሁት ብለህ ጻፍ፤ እፈርማለሁ። በላ ግን አትበል።»

«ሆን ብዬ ካሉ ዕድሜ ልክዎን ነው!»

«ዕድሜዬ ስንት ቀርቶት? አንተ የዚሁ አገር ልጅ አይደለህም? ደም በሽማግሌ ይደርቃል። ነፍሰ ገዳይ ልጁን ይድራል፤ ገዳም ገብቶ ንስሐ ይገባል። ይኸኛውን ማን ያደርቅልኛል? ስድስት የልጅ ልጆች አሉኝ። ከቀጥቃጭ ጋር ሲበላ የኖረ ሰው ዘር ተብለው ማን ያገባቸዋል?»

ልቆጣ ነበር። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔም ልጄን ስድር እንዲሁ ነበር የማጠያይቀው።

አልሰረዝኩትም። ሦስት ገጽ ነው ቃሉ። በአንደኛውና በሦስተኛው ፈረሙ። ሁለተኛውን ገጽ ገፍተው መለሱልኝ፤ ብዕሩንም አስቀመጡ።

ብሥራትን ፈትቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወጥቶ አልሄደም፤ ኮሪደሩ ላይ እታለም አጠገብ ተቀመጠ። እሷ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ናት። ስታየኝ ተነሣች።

«አመነ?»

«መግደሉን አምኗል፤ ፈርሟል።»

«አብሮት መብላቱንስ?»

«ተናግሯል። አልፈርምም ብሏል።»

ወለሉን አየች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀና ስትል ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ጌታው፣ የእኔን ቃል ጻፉ። ሐሙስ ሐሙስ ራት ሠርቻለሁ በሉ፤ ጋሽ ተክለ ማርያም ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ በልተዋል በሉ። እንጀራውንም ወጡንም ለይታችሁ ጻፉ። እኔ እፈርማለሁ።»

«ሲበላ በዓይንሽ አላየሽም እኮ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ትሪውን ያጠብሁት እኔ ነኝ።»

ወንበር ሰጥቻት እንዳለችው ጻፍኩ። ማንበብና መጻፍ የሠፈር ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ቃል በቃል አነበበችው፤ «ደረሰ» የሚለውን አንድ ቦታ ላይ «ጋሽ ደረሰ» አስብላ አስተካከለችኝ። ከዚያ ብዕሩን በሸክላ አፈር በተሰነጣጠቁ ጣቶቿ ያዘችና፣ ጋሽ ተክለ ማርያም ሳይፈርሙ የመለሱት ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ባዶ በቀረው መስመር አጠገብ፣ ቀስ ብላ «እታለም ደረሰ» ብላ ጻፈች። የእሷ ቃል የሰፈረበት የምስክር ወረቀት ሌላ ነበር፤ የፈረመችው ግን የእሳቸው ገጽ ላይ ነው፤ እኔም ልከለክላት እጄን አልሰደድኩም።